ይታይሽ የዘጋችው ቧንቧ

የዚያን ቀን የነበርነው እነዚህ ነን። አባቴ ከእሳት አደጋ መኪናው ፓምፕ ዘንድ፣ ሹፌሩ ጋሽ ፈንታ ከመሪው ላይ፣ ውሃ የሚረጨው፣ አዲሱ የሚባለው ወጣት ከውሃው ጎማ ጫፍ፣ የቀርከሃ ነጋዴው አቶ አስማረና ሚስታቸው እትዬ ብዙዓየሁ ከሚነደው ግቢያቸው በር ላይ፣ ጎረቤታችን እማማ ጠጅቱ ከነጀሪካናቸው፣ እናቴ አራስ ሆና ገና ክርስትና ያልተነሳውን ወንድሜን ታቅፋ ከቤት ውስጥ፣ የእነአቶ አስማረ ሠራተኛ ይታይሽ፣ እኔም የአምስተኛ ክፍል ተማሪዋ። የቀረው የገበያ ሰው ነው፤ ስሙን አላውቅም። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ዛሬ የሉም፤ ያለነውም ስለዚያ ቀን አናወራም። አንዷን ግን አለች ለማለትም የለችም ለማለትም አልችልም። ይህን የምጽፈው ስለ እሷ ነው።

ባለፈው ሳምንት የከተማችንን የቆሰበርን መንገድ ለማስፋት የመጣው እስካቫተር ከበራችን ፊት የነበረውን ቀዩን ብረት ነቅሎ ከጎኑ ጣለው። ትንሹ ልጄ ሄዶ እንደ ፈረስ ተፈናጠጠበት፤ እኔም እንደ ልማዴ ውረድ፣ ይቆርጥሃል፣ ዝገት ደም ውስጥ ይገባል ብዬ ጮኽሁ። ልጆቼ ያውቁኛል። ከሰሉ ጠፍቷል ሲሉኝ አመዱን በውሃ አርሼ ነው የማምነው፣ ቧንቧው ተዘግቷል ሲሉኝ በእጄ ካልነካሁት አልተኛም፤ «እማዬ እንደ ዘበኛ ናት» ይላሉ። ብረቱ ሲነቀል ሳይ ምንም አልተሰማኝም። ማምሻውን የልጁን ሱሪ በሳፋ ዘፍዝፌ ሳሸው ግን ያ ሽታ ወጣ፤ ዝገትና ለብዙ ጊዜ ታፍኖ የቆየ ውሃ። እጄ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ቆመ። ልጄ መጥቶ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» እስኪለኝ ድረስ ቆሜ ነበር።

ቀዩ ብረት የምንለው የእሳት አደጋ መኪና ከከተማው የውሃ መስመር ውሃ የሚቀዳበት፣ ከመሬት ወጥቶ ከሕፃን ወገብ የሚደርስ ወፍራም የብረት አንገት ነው። አባቴ በሥራ ስሙ ሃይድራንት ይለው ነበር። ቤታችን ከፊቱ ስለነበር እኔ እንደ ቤታችን ዕቃ ነበር የማየው፤ ተደግፌው አጥንቻለሁ፣ የፍየላችንን ገመድም አስሬበት ተገሥጬበታለሁ። በወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ቀዩ መኪና ለሙከራ ይመጣል፤ ለእኛ ለልጆቹ ያ ቀን ከበዓል አያንስም ነበር። አባቴ ረጅሙን ቁልፍ አውርዶ በመጀመሪያ ጎማ ሳይገጥም ብረቱን ይከፍተዋል፤ ሆዱ ውስጥ የከረመውን ሁሉ ይትፋ ይላል። እውነትም ይተፋል። መጀመሪያ አየር ያስነጥሳል፣ ቀጥሎ እንደ ሻይ የቀላ ውሃ፣ ጠጠር፣ አንድ ጊዜም ሕይወት ያለው እንቁራሪት ተፍቶ አዲሱን አስሮጦታል። ውሃው ሲጠራ ይዘጋና ከብረቱ ወደ ፓምፑ የሚሄደውን አጭርና ወፍራም ጎማ ይገጥማል፤ ከዚያ እንደገና ይከፍታል፣ ግን ቀስ ብሎ። አባታችን ሆይን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በልቡ እየደገመ ነው ቁልፉን የሚያዞረው፤ በድንገት ከተከፈተ ውሃው ቧንቧውን እንደ መዶሻ ይመታውና ከታች የሆነ ቦታ ይሰብረዋል ይል ነበር። አዲሱ የጴንጤዎቹ ዘማሪ ነበር፣ ጎማ ሲያሰጣም ሲጠቀልልም ይዘምራል። «ጋሼ፣ እኔን ቁልፍ እንዳያስይዙኝ፤ የኔ ጸሎት ወይ በጣም አጭር ነው ወይ በጣም ረጅም» ሲል አባቴ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ መኪናው ያዞራል።

ጋሽ ፈንታ ሞተሩን ወደ ፓምፑ ሲያዞረው ድምፁ ይወፍራል፣ መሬቱም በእግራችን ሥር ይንቀጠቀጣል። አባቴ አንድ እጁን ነዳጅ መጨመሪያው ላይ፣ ሌላውን ከብረቱ በሚመጣው ጎማ ላይ ያደርጋል። ከፊቱ የውሃውን ግፊት የሚያሳይ ጌጅ አለ፣ መርፌው ይንቀጠቀጣል፤ እሱ ግን ጎማውን ነበር የሚያምነው። እኔንና ከአጥር ማዶ ሥራዋን ጥላ የመጣችውን ይታይሽን ጠርቶ እጃችንን ጎማው ላይ ያስደርገናል። እንዲህ ጠንክሮ ሲወጠር ውሃው በበቂ እየመጣ ነው፣ እንዲህ ሲለሰልስ ፓምፑ ከሚመጣለት በላይ እየሳበ ነው፣ ከተጣበቀ ግን ፓምፑ አየር ዋጠ፣ ከፊት ያለው ሰውዬም ከእሳት ጋር ባዶ እጁን ቀረ ማለት ነው ይለናል። ይታይሽ ከእኔ በአምስት ስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ከአዘና ገጠር የመጣች፣ አማርኛዋን ከአገውኛዋ ጋር እያፈራረቀች የምታወራ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። አባቴ ሲያስረዳ ግን እኔ እንቁራሪት ስፈልግ እሷ ነበረች የምታዳምጠው።

የሙከራው ውሃ በቦዩ ሲፈስ የሰፈሩ ሴቶች ልብሳቸውን ይዘው ይወጣሉ። እማማ ጠጅቱ ከሁሉ ይቀድማሉ፤ ጋቢ፣ አንሶላ፣ አንዳንዴም የሟች ባላቸውን ካፖርት ቦዩ ውስጥ ዘርግተው በእግራቸው ይረግጣሉ።

«እማማ ጠጅቱ፣ ይሄ ወንዝ አይደለም እኮ!» ይላል አባቴ።

«ታዲያ ልጄ፣ ካፈሰስከው አይቀር ለምን ይባክናል? አንተ መኪናህን እጠብ፣ እኔም ጋቢዬን። ይልቅ ትንሽ ጨምርልኝ፣ ሳሙናው አልለቅ አለኝ።»

አባቴም ትንሽ ይጨምርላቸዋል።

አንድ ጊዜ ይታይሽ ይህ ሁሉ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ጠየቀችው። ከኮረብታው ላይ ካለው ማጠራቀሚያ አንድ ቧንቧ ይወርዳል አላት፤ የእኛም፣ የእናንተም፣ የቦኖውም፣ የቀዩ ብረትም ውሃ ከዚያው ነው። እንደ አንዲት ላም አስቢው፣ ጥጃው ሁሉ ከጠባ ለአላቢው ምን ይተርፋል? ይታይሽ በነጠላዋ ጫፍ ሳቀች። በእኛ ቤት ስለ ውሃ ከዚህ የረዘመ ትምህርት ተሰጥቶ አያውቅም።

እሳቱ የተነሳው በየካቲት፣ ነፋሱ ከጥርባ በኩል አቧራ እያነሳ በሚመጣበት ወራት፣ በገበያ ቀን ነው። የአቶ አስማረ ግቢ ከዳር እስከ ዳር ቀርከሃ ነበር፤ የተቆለለ፣ የተሰነጠቀ፣ ወንበርና አልጋ የሆነ፣ ለአጥር የተጠቀለለ። ሠራተኞቻቸው ቀርከሃውን በእሳት እያሞቁ ነበር የሚያጎብጡት፤ የዚያን ቀን ነፋሱ አንድ ፍም አንሥቶ ወሰደው። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የሰማሁት ተኩስ ነበር። ሰው ሁሉ ጎንበስ አለ። ጥቂት ቆይተን ነው የቀርከሃው አንጓ በሙቀት እየፈነዳ መሆኑን ያወቅነው።

በእኛ አገር እሳት ተብሎ ባዶ እጁን የሚመጣ ጎረቤት የለም። የሰፈሩ ቧንቧ በሙሉ ተከፈተ፤ ቦኖው ተከፈተ፤ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካን፣ የጠላ እንስራ ሳይቀር ወጣ፤ ከገጠር ለገበያ የመጡት ሰዎችም ፈረሳቸውን አስረው ተሰለፉ። ያን ያህል ሰው በአንድ ልብ ሲሮጥ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አላየሁም። ቀዩ መኪና ደረሰ። በሆዱ ይዞት የመጣው ውሃ ወዲያው አለቀና አባቴ ወደ ቀዩ ብረት ወረደ። እሳቱ በዚያን ጊዜ መጋዘኑን ጨርሶ ወደ አጥሩ እየተጠጋ ነበር። ከአጥሩ ቀጥሎ የእማማ ጠጅቱ ቤት ነው፤ ከእሳቸው ቀጥሎ የእኛ። ከቤታችን ወደ ቀዩ ብረት የሚያስወጣው ጠባብ መተላለፊያ ዞሮ በዚያው አጥር ሥር ስለሚያልፍ በጢስ ተሞልቷል። እናቴ ብዙ ደም ፈስሷት ገና በእግሯ አልቆመችም፤ ከእሷ ጋር የነበሩት ሴቶች በአልጋ እንሸከማት፣ አይ በዚህ ጢስ ሕፃኑ ይታፈናል እያሉ ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው እስከ ውጭ ይሰማል።

አባቴ ያን ቀንም አባታችን ሆይን አላሳጠረም። ሰው ከኋላው «ፍጠን እንጂ ሰውዬ!» እያለ ሲጮህ ቁልፉን ቀስ እያለ አዞረው። ጎማው ተነፋ፣ ሞተሩ ወፈረ፣ የአዲሱ ውሃ ተነሥቶ አጥሩን መታ፣ ሰውም እልል አለ። እልልታው ሳያባራ ውሃው አጠረ። መጀመሪያ ጣሪያ ይደርስ የነበረው ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወደ አዲሱ እግር ወረደ። «ጋሼ! ውሃ! ውሃ!» ይላል አዲሱ። አባቴ ሞተሩን ቀነስ አደረገና እጁን ጎማው ላይ አሳረፈ። ፊቱን አየሁት። አንዴ ብቻ ወደ ቤታችን በር ተመለከተ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ጌጁ መለሰ። ፓምፕ ላይ የቆመ ሰው ፓምፑን ትቶ አይሄድም፤ ይህን ሁልጊዜ ይለን ነበር፣ ያን ቀን ግን ምን ማለት እንደሆነ አየሁ።

«ሂጂ» አለኝ፣ «ቧንቧ ዝጉ በያቸው። ሁሉንም። የእኛንም።»

ሮጥኩ። እማማ ጠጅቱ ከቧንቧቸው ሥር ጀሪካን ደቅነው ነበር።

«እማማ፣ ቧንቧ ዝጉ!»

«ምን አልሽ አንቺ ልጅ? ቤት እየነደደ ውሃ ዝጉ ይባላል?»

«አባዬ ነው ያለው!»

«አባትሽን ጢሱ አዙሮታል! ሂጂ ከፊቴ፣ ነይና ተሸከሚ ይልቅ!»

ቦኖው ጋ ያሉት ደግሞ ጭራሽ አልሰሙኝም። አብዛኞቹ የገጠር ሰዎች ነበሩ፣ አማርኛዬ በጩኸቱ መሃል የትም አልደረሰም። ይታይሽ ባልዲ ተሸክማ በአጠገቤ ስታልፍ ነው ያገኘችኝ። ምን እንደምል ሰማች፣ ቆመች፣ የአዲሱን ውሃ አየች፤ ከዚያ ባልዲውን እዚያው አፈሰሰችው። እንደ እሷ ያለች አንገቷን ደፍታ የምትኖር ልጅ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከየት እንዳመጣች አላውቅም፤ በአገውኛ ስትጮህ ቦኖው ጋ ያሉት ሁሉ ዞሩ። አንድ ሽማግሌ መልሰው ጠየቋት፣ መለሰችላቸው፣ ቦኖውን በገዛ እጃቸው ዘጉት። ከዚያ ወደ እማማ ጠጅቱ ዞረች።

«እማማ፣ ጥጃው ሁሉ እየጠባ ነው! ለአላቢው ይተዉለት!»

እማማ ጠጅቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ላም ያለቡ ሴት ናቸው። ቀና ብለው መኪናውን አዩት፣ የጎማውን መላላት አዩት፣ ቧንቧቸውን ጥርቅም አድርገው ዘጉና ከዘራቸውን አንሥተው ከፊቱ ቆሙ። «ይችን የሚነካ፣ እጁን ነው የምሰብረው!» ሲሉ ሰማኋቸው። ወሬው ከግቢ ወደ ግቢ ሄደ፤ ቧንቧው አንድ ባንድ ተዘጋ።

ተመልሼ እጄን ጎማው ላይ አደረግሁ። ጠንከር ብሏል፣ ግን አልተወጠረም። ከአጠገቤ ይታይሽም መዳፏን አሳረፈች። ገና የሚጠባ አለ። ቀስ ብላ ለራሷ እንደሚናገር ሰው «የእኛ ግቢ» አለች። አቶ አስማረ እሳቱ ሲነሳ የግቢያቸውን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ የአትክልት ጎማ ገጥመው ጣሪያውን ሲያርሱ ነበር፤ ሙቀቱ ሲያባርራቸው ጎማውን መሬት ላይ ጥለውት ወጥተዋል። ውሃው አሁንም ከበሩ ይታያል፣ ባዶ መሬት ላይ ይፈስሳል።

ይታይሽ ከቦዩ ዳር የወደቀ ጆንያ አንሥታ ውሃ ውስጥ ነከረች፣ ራሷ ላይ ጣለች፣ ገባች። በበሩ ላይ ሰው የያዛቸው አቶ አስማረ አዩዋት። «ይታይሽ! ወደ ጣሪያው አዙሪው! ውሃውን ወደ ጣሪያው!» አሉ። ሁላችንም እናይ ነበር። መሬት ላይ የሚፈስሰው ውሃ ቀጠነ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ። በዚያችው ቅጽበት ጎማው ከእጄ ሥር ተወጠረ፤ እንደ ድንጋይ ሆነ። የዚያን ቀን ምን ተሰማሽ የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ ጎማው ጠነከረ ነው የምለው። ሌላ የተሰማኝ ነገር ትዝ አይለኝም። አባቴ ሞተሩን ጨመረ፣ የአዲሱ ውሃ ተነሣ፣ አጥሩ ፉጨት የመሰለ ድምፅ አሰምቶ ጠቆረ፣ የእማማ ጠጅቱ ጣሪያ በእንፋሎት ተሸፈነ። ይታይሽ ቀኝ እጇን ጨብጣ ደረቷ ላይ አድርጋ ወጣች። የቧንቧው የብረት መዝጊያ ግሎ ነበር።

እሳቱ አጥሩ ላይ ቆመ። እናቴን ከነአልጋዋ አወጧት፤ ወንድሜ የአፍንጫው ቀዳዳ ጠቁሮ ነበር፣ ግን ያለቅሳል። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም፣ እጄ ላይ የቀረውን የጎማውን ንዝረት እያዳመጥኩ ቆምኩ። የአቶ አስማረ ቤትና መጋዘን ግን እስከ መሠረቱ ነደደ።

አቶ አስማረ እጃቸውን አላነሡባትም፣ አልተሳደቡም። እግዜር ያጽናዎ ሊላቸው ለሚመጣው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚናገሩት፤ ቤቴ ሲነድ ውሃዬን የዘጋችው ከቤቴ የበላች ናት። ሰው ሁሉ በዓይኑ ያየው ያንን ስለነበር የሚመልስላቸው አልተገኘም። ይታይሽ ወደ እኛ ቤት መጣች። እናቴ ከተኛችበት እጇን ማር ቀብታ ታስርላት ነበር፤ መዳፏ ላይ የመዝጊያው ቅርጽ ከዳር እስከ ዳር ታትሟል። ዕቃ ለመግዛት ስትወጣ ልጆች «ውሃ ዘጊ» ይሏታል። እሷ አትመልስም፤ ነጠላዋንም ከዚያ ወዲህ ለሳቅ አልተጠቀመችበትም።

አባቴ ሽማግሌ ይዞ አቶ አስማረ ዘንድ ሄደ፤ እኔ ዳቦ ይዤ ተከትዬው ስለነበር ሰምቻለሁ። ስለ ቧንቧው፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ኮረብታው አስረዳ። አቶ አስማረ እስኪጨርስ አዳመጡት።

«እርስዎ እውነትዎን ሊሆን ይችላል» አሉት፣ «ግን የዳነው የእርስዎ ቤት ነው፣ የነደደው የኔ። ታዲያ ምስክርነትዎን እንዴት ልመነው?»

አባቴ ዳቦውን ከእጄ ተቀብሎ አጠገባቸው አስቀመጠና ወጣን። በማግስቱ ማለዳ ስነሳ ይታይሽ የለችም። የወንድሜን ጨርቆች በአንድ እጇ አጥባ ገመዱ ላይ አስጥታቸዋለች፤ ገና ውሃ ያንጠባጥቡ ነበር።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ በአንዱ የሙከራ ቅዳሜ አባቴ ሰፈሩን ቧንቧ ክፈቱ ብሎ ለመነና አቶ አስማረን አስጠራቸው። መጡ። እጃቸውን ይዞ ጎማው ላይ አሳረፈው። ጎማው ልል ነበር። እማማ ጠጅቱ በጩኸት ዝጉ አሉ፣ ግቢ ለግቢ ተዘጋ፣ ቀስ እያለ ከአቶ አስማረ እጅ ሥር ተወጠረ። እጃቸውን ለረጅም ጊዜ አላነሡም። ከዚያ ከቦዩ ውሃ ፊታቸውን ታጠቡና ሄዱ። በማግስቱ ይታይሽን የሚያመጣ ሰው በበቅሎ ወደ አዘና ላኩ። አክስቷ እዚህ አልመጣችም አለች። አንዱ ዳንግላ መናኸሪያ አየኋት አለ፣ ሌላው ከእጇ መታሰር የተነሣ ነው የለየኋት፣ ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው አውቶቡስ ስትሳፈር አየኋት አለ። ከዚያ ወዲያ ወሬዋ የለም። አቶ አስማረ በሕመማቸው ጊዜ አባቴ ሊጠይቃቸው ሲገባ ከሰላምታው በፊት «አገኛችኋት?» ይሉት ነበር።

አሁን አባቴም እሳቸውም የሉም። ጋሽ ፈንታና እማማ ጠጅቱም አርፈዋል፤ አዲሱ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። የቅዳሜው ሙከራ ከቀረ ብዙ ጊዜ ሆነው፤ ልጆቼ በቦይ ውስጥ የሚፈስስ ውሃ የሚያውቁት ዝናብ ሲዘንብ ነው። አዲስ ብረት ሌላ ቦታ ይተከላል ይባላል፣ ደግ ነው። እኔ ትምህርቴን ስድስተኛ ላይ አቋርጬ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ እፈራለሁ። ጢስ ባየሁ ቁጥር ሰው ሁሉ ለውሃ ሲሮጥ እኔ ቧንቧዬን ልዘጋ ነው የምሮጠው፤ ጎረቤቶቼ ይታዘቡኛል። ያ ጢስ ጠግቦ የነበረው ወንድሜ ዛሬ ሁለት ሜትር የሚያክል ሰው ነው፣ አግብቶ ወልዷል። ስለ እሷ ነግሬዋለሁ። አንድ ቀን ቆይቶ «እጇ ዳነ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት።

ስለዚህ እጠይቃለሁ። ይታይሽ ትባላለች፣ አገሯ አዘና ገጠር ነው፣ አገውኛ ትናገራለች፣ ካለች አሁን የጎልማሳ ሴት ዕድሜ ላይ ናት። በቀኝ መዳፏ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ያለችበትን የሚያውቅ፣ ወይም መኖሯን ብቻ እንኳ የሰማ ሰው ካለ ይንገረኝ። ቆሰበር መጥታችሁ ቀዩ ብረት የነበረበት ብላችሁ ጠይቁ። ብረቱ ተነቅሏል፤ ሰው ግን ቦታውን ያውቀዋል።